ቡቃያው ያለበትን ፈልጉ

ዋሽንግተን በሚገኘው የአሜሪካ ብሔራዊ የዕፅዋት ማዕከል ውስጥ በዝርግ ማሰሮ የተተከለ አንድ ጥድ አለ። በሰው እጅ መከርከምና መቀረጽ የጀመረው በ1625 ነው። ዐፄ ፋሲል ጎንደርን የመንግሥታቸው መቀመጫ ያደረጓት ደግሞ በ1636 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። እንግዲህ ያ ዛፍ ከከተማችን በ11 ዓመት ይቀድማል ማለት ነው። የፋሲል ግንብ መሠረት ሳይቆፈር በፊት ጃፓን ውስጥ አንድ ሰው ከዚህ ዛፍ ፊት ተቀምጦ የትኛውን ቅርንጫፍ ላስቀር፣ የትኛውን ልቁረጥ እያለ ያስብ ነበር።

ዛፉ ያማኪ በሚባል ቤተሰብ እጅ ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍ ኖረ። በ1945 ሂሮሺማ ላይ አቶሚክ ቦምብ ሲጣል የቤተሰቡ ግቢ ከፍንዳታው ቦታ 3 ኪሎ ሜትር ያህል ቢርቅ ነው። የግቢው አጥር ከለለውና ዛፉ ተረፈ። በ1976 ማሳሩ ያማኪ የተባሉት የቦንሳይ ባለሙያ ለአሜሪካ ሕዝብ በስጦታ ሰጡት፤ ከሂሮሺማ የተረፈ መሆኑ ግን ሳይነገር ቀረ። ይህ የታወቀው በ2001 የልጅ ልጆቻቸው የአያታቸውን ዛፍ ለማየት ዋሽንግተን በሄዱ ጊዜ ነው።

ጥበቡ ቦንሳይ ይባላል። ዛፉ በተፈጥሮው ድንክ ሆኖ አይደለም፤ ሜዳ ላይ ቢተከል ሽቅብ ይመዘዝ ነበር። በማሰሮ ውስጥ ሥሩን እየቆጠቡ፣ ቅርንጫፉን እየከረከሙና እያጎነበሱ፣ ቅጠሉን እያሳነሱ፣ የትልቅ ዛፍ ግርማ በክንድ ቁመት ውስጥ እንዲታይ ያደርጉታል። ዛሬ ላወራችሁ የፈለግሁት ግን ስለ ጃፓን ጥድ አይደለም። ስለ ግራራችን ነው፤ በግራር በኩልም ስለ እናንተ።

በጎንደርና በሰሜን ጎንደር የምናውቃቸውን ዛፎች እስቲ አስቧቸው። ግራሩ፣ ሰሳው፣ የደጋው ኮሶ፣ ከውጭ መጥተው አገር የለመዱት ጃካራንዳና ቁንዶ በርበሬ፣ ሁሉም ባለ ጥምር ቅጠል ናቸው። በቦንሳይ ሰዎች ዘንድ ጥምር ቅጠል ያላቸው ዛፎች አስቸጋሪ ተብለው ይታወቃሉ። ግንዱ ክንድ የማይሞላ ዛፍ አንድ ቅጠሉ ብቻ ክንድ ካከለ ዛፍነቱ ይጠፋና ቅጠል ብቻ ይታያል። ስለዚህ ብዙ ሰው ገና ሳይሞክር "ይሄ ለዚህ አይሆንም" ብሎ ይተወዋል። አካሄዱን ላወቀ ግን ይሆናል። አካሄዱ የሚጀምረው ደግሞ ቅጠሉን በደንብ ከማየት ነው።

ከግራር ቅርንጫፍ አንድ ቅጠል ከነዘንጉ ቆንጥጡና መዳፋችሁ ላይ አጋድሙት። መካከል ላይ አንድ ቀጭን ዘንግ አለ። ከዘንጉ ግራና ቀኝ ጥንድ ጥንድ ሆነው ሌሎች ዘንጎች ወጥተዋል። በእነዚያ ላይ ርዝመታቸው ከጥቂት ሚሊ ሜትር የማያልፍ ትንንሽ ቅጠሎች ተደርድረዋል፤ በመቶዎች ይቆጠራሉ። ዓይናችን የሚያየው ብዙ ቅጠል ነው። ለዛፉ ግን ይህ ሁሉ አንድ ቅጠል ነው፤ እጅ አንድ ሆኖ ጣቶቹ እንደሚበዙት። ጥምር ቅጠል የሚባለው ይኸው ነው።

ማስረጃውን ለማየት ወደ ቅርንጫፉ ተመለሱ። ዘንጉ ከቅርንጫፉ ጋር ይገጥምበት በነበረው ብብት ውስጥ በጣም ትንሽ፣ ጠንካራ ጉብታ አለች። የቡቃያው ዓይን እሷ ናት። አዲስ ቅጠል ቢወጣ ከእሷ ነው፤ አዲስ ቅርንጫፍ ቢወጣም ከእሷ ነው። አሁን ደግሞ በመቶዎች ወደሚቆጠሩት ትንንሽ ቅጠሎች ሂዱና ብብታቸውን አንድ በአንድ መርምሩ። ምንም የለም። አንዱን ብትቀነጥሱት ቦታው ባዶ ሆኖ ይቀራል እንጂ ምትክ አይበቅልበትም። ቀኑን ሙሉ ጎንበስ ብሎ ትንንሾቹን ሲለቅም የዋለ ሰው ጀርባው ይታመማል እንጂ ዛፉ ላይ የሚጨምረው ነገር የለም። በዘንጉ ሥር ያለችውን ቦታ ያወቀ ሰው ግን በአንድ የመቀስ ምት አዲስ ቅርንጫፍ ይቀሰቅሳል።

ይህን ካወቅሁ ወዲህ የሰውን ሮሮ የምሰማበት ጆሮዬ ተለውጧል።

አንድ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ አስቡ። በዩኒቨርሲቲው ማራኪ ግቢ ውስጥ አግኝታችሁት "እንዴት ነህ?" ብትሉት ዝርዝሩ ብዙ ነው። ጠዋት መነሣት አቅቶታል። ማስታወሻው የተሟላ አይደለም። ቤተ መጻሕፍት ሲገባ እንቅልፍ ይጫነዋል። ከክፍል ጓደኛው ጋር በሆነ ባልሆነው ይጋጫል። ራሱን ያመዋል። የመውጫ ፈተናው ቀን በደረሰ ቁጥር ሆዱ ይሸበራል። እያንዳንዱን ለብቻ ልፍታ ቢል ስድስት ዓይነት ምክር፣ ስድስት ዓይነት ዕቅድ ያስፈልገዋል። በሳምንቱ ሁሉንም ጥሎ ወደ ነበረበት ይመለሳል። እስቲ ወደ ዘንጉ ሥር ውረዱ። ሌሊት ስምንት ሰዓት ድረስ ስልኩን ይዞ ነው የሚያመሸው። ስድስቱም ችግሮች የተደረደሩት በዚህች አንድ ዘንግ ላይ ነው። ስልኩን ማታ አራት ሰዓት ላይ ከአልጋው አርቆ ቢያስቀምጥ ስድስቱን ለየብቻ መዋጋት አይኖርበትም።

አራዳ ገበያ ያለችውን ነጋዴ እህታችንንም አስቧት። ዕቃ አልቆባታል፤ ከአከፋፋዩ ጋር ተቃቅራለች፤ እቁቧን ማዋጣት አልቻለችም፤ ደንበኞቿ ፊት ነሷት። ዘንጉ ሥር ሲታይ ያልተጻፈ ዱቤ ነው። አንድ ደብተር ገዝታ የሰጠችውን ሁሉ መጻፍ ከጀመረች ሌላው በየተራው መልክ ይይዛል።

ወዳጆቼ፣ እናንተም ይህን ማድረግ ትችላላችሁ። ዛሬ ማታ የሚያስጨንቋችሁን ነገሮች ሁሉ በወረቀት ላይ ጻፉ። ከዚያ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁ፦ ከእነዚህ ውስጥ ስንቱ በአንድ ዘንግ ላይ ነው ያለው? ዝርዝሩ ያስደነገጣችሁን ያህል የዘንጎቹ ቁጥር ማነስ ያስደስታችኋል። እኔ እስካሁን ዘንጉ ከሦስት ያለፈ ሰው አላጋጠመኝም።

ስለ እንቅልፍ ካነሣን አይቀር፣ ይኸው ጥምር ቅጠል ያስተማረን ሌላ ትልቅ ነገር አለ። ግራር ወይም ሰሳ ያለው ሰው ፀሐይ ስትጠልቅ ተቀምጦ ይመልከት። ትንንሾቹ ቅጠሎች ጥንድ ጥንድ እየሆኑ ፊት ለፊት ይገጥማሉ፤ ዛፉ ሙሉ በሙሉ የሰለለ ይመስላል። ጀማሪ ይህን ሲያይ "ውሃ ጠማው" ብሎ ይደነግጥና ማሰሮውን በውሃ ያጥለቀልቀዋል። ዛፉ ግን አልጠማውም፤ ማታ ስለሆነ ተከናንቧል። ጠዋት ይከፈታል።

በ1729 ደ ሜራን የሚባል ፈረንሳዊ ሊቅ የግራር ዘመድ የሆነችውን፣ ሲነኳት የምትታጠፈውን ሚሞዛ ወስዶ ብርሃን የማይገባበት ቦታ አስቀመጣት። ጨለማ ውስጥ ሆና እንኳ ቅጠሏን ጠዋት መክፈቷን፣ ማታ መግጠሟን ቀጠለች። የምትታዘዘው ለፀሐይ ብቻ ሳይሆን በውስጧ ላለ ሰዓት ጭምር ነበር። ያ ጥያቄ ሲሰፋና ሲጠልቅ ቆይቶ ዛሬ የሰው ልጅም በየሴሉ ውስጥ እንዲህ ያለ ሰዓት እንዳለው ታውቋል። የሰዓቱን አሠራር በፍራፍሬ ዝንብ ላይ ፈትሸው የገለጡት ሦስት አሜሪካውያን ሳይንቲስቶች፣ ሆል፣ ሮስባሽና ያንግ፣ በ2017 የኖቤልን ሽልማት በሕክምና ዘርፍ ተቀበሉ። እንግዲህ ያ ተማሪ ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ስልክ ይዞ ሲቀመጥ የሚታገለው ከገዛ ሰውነቱ ጋር ነው። ማታ መከናነብ ስንፍና አይደለም። ጠዋት ለመከፈት የግድ ነው።

አሁን ወደ መቀሱ እንምጣ። እዚህ ላይ ብዙ አነቃቂ ተናጋሪዎች የሚዘሉት ነገር አለና ቆም ብዬ ልናገር እፈልጋለሁ። "ቁረጥ! ተው! ጣል!" ማለት ቀላል ነው። የቦንሳይ ባለሙያ የመጀመሪያ ሕጉ ግን ሌላ ነው፦ የደከመ ዛፍ አይከረከምም። ቅጠል የዛፉ ማዕድ ቤት ነው፤ ምግቡን የሚሠራው በእሱ ነው። ቅጠሉ ሲነሣበት አዲስ የሚያወጣው በግንዱና በሥሩ ካከማቸው ስንቅ ነው። ስንቅ የሌለውን ዛፍ ቅጠሉን ብታራግፉት አዲስ አያወጣም፤ ይሞታል። ስለዚህ መጀመሪያ ይጠጣል፣ ይበላል፣ ፀሐይ ይሞቃል፣ እንደ ልቡ ይንዠረገጋል። በዚያው ዓመት ማሰሮ የተቀየረለትና ሥሩ የተነካ ዛፍ ከሆነም ቅጠሉ አይነካም። አንድ ቁስል በአንድ ጊዜ ይበቃዋል።

አካባቢያችን ያለፉትን ዓመታት እንዴት እንዳሳለፈ ሁላችንም እናውቃለን። በ2021 የሰሜኑ ጦርነት ዳባት አካባቢ ደርሶ ነበር። ከዚያም ወዲህ መንገድ የተዘጋበት፣ ሥራ የቆመበት፣ እንግዳ የጠፋበት ጊዜ ብዙ ነው። ሐዘን ላይ ያላችሁ፣ ቤት ንብረት የጠፋባችሁ፣ ዓመቱን ሙሉ ሮጣችሁ የደከማችሁ ሰዎች ይህን ጽሑፍ የምታነቡ ከሆነ፣ ለእናንተ የምለው "ቁረጡ" አይደለም። አሁን ወቅታችሁ የመጠጣትና የፀሐይ ነው። እረፉ፤ ከሚወዷችሁ ሰዎች ጋር ተቀመጡ፤ ብሉ። ለመቀሱ ጊዜ አለው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል።

ደግሞ ይህን ልጨምር። በ2019 የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በእሳት ሲያያዝ የአካባቢው ሰው በእጁ እያጠፋ ቀናት ተንገላታ፤ ሄሊኮፕተር ከኬንያ፣ የእሳት አደጋ ባለሙያዎችም ከእስራኤል መጡ። ያን ጊዜ ከተቃጠለው ውስጥ ብዙው ሣርና አስታ ነበር። አስታ ቅጠሉ ጥምር አይደለም፤ ነገር ግን የቡቃያውን ዓይን የሚያስቀምጠው እሳት በቀላሉ በማይደርስበት ቦታ፣ ከግንዱ ሥር መሬት ውስጥ ነው። ከላይ ያለው ሁሉ ከሰል ሲሆን ከታች ያለው ዝናብ ጠብቆ ይወጣል። ከላይ የሚታየው ተቃጥሎብኛል የምትሉ ወጣቶች፣ በተለይ እናንተ እንግዳ በመምራት፣ በቅሎ በመጫን፣ ምግብ በማብሰል ትኖሩ የነበራችሁ የደባርቅ ልጆች፣ ቋንቋችሁ አልተቃጠለም። ተራራውን ማወቃችሁ አልተቃጠለም። ሰው ማስተናገድ መቻላችሁም አልተቃጠለም። ይህ ሁሉ ዛሬም ከሥር አለ።

ዛፉ ጠንክሯል እንበል። ክርከማው እንዴት ነው?

መጀመሪያ የሚቆረጠው ለጋው ጫፍ ነው። አዲስ የወጣው ቅርንጫፍ አምስት ስድስት ቅጠል ሲያወጣ ወደ ሁለት ይመለሳል። ጫፉ ሲቆረጥ ሽቅብ ይሮጥ የነበረው ጉልበት ወደ ኋላ ተመልሶ የተኙትን የቡቃያ ዓይኖች ይቀሰቅሳል። በአንድ ቅርንጫፍ ፋንታ ሁለት ይወጣሉ፤ ሁለቱ ሲቆረጡ አራት ይሆናሉ። ቅርንጫፉ በበዛ ቁጥር ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ጉልበት ይከፋፈላል፤ ቅጠሉም እያነሰ ይሄዳል። ቅጠል የማሳነስ ዋናው ምስጢር ይኸው ነው፤ ሌላው ሁሉ አጋዥ ነው።

ሁለተኛው የቅጠሉን ርዝመት ማሳጠር ነው። ይህ በጥምር ቅጠል ብቻ የሚገኝ ዕድል ነው። ነጠላ ቅጠል መካከሉ ላይ ሲቆረጥ ጠርዙ ይጠወልግና ያስጠላል። ጥምር ቅጠል ግን ከዘንጉ መካከል ቢቆረጥና ከታች ሁለት ጥንድ ቢቀርለት ማንም የተቆረጠ መሆኑን አያውቅም። ዛፉ ምግቡን መሥራቱን አላቋረጠም፤ ብርሃን ግን ወደ ውስጥ ገባ። ይህን አቅልላችሁ አትዩት። ውጭ ውጭውን የተንዠረገገ ቅጠል የውስጡን ጥቃቅን ቅርንጫፍ ብርሃን ከልክሎ ያደርቀዋል፤ የቦንሳይ መልክ ያለው ደግሞ በእነዚያ የውስጥ ቅርንጫፎች ነው። ስብሰባው፣ ማኅበሩ፣ ግብዣው፣ የስልክ ወሬው ከውጭ ሲያዩት ለምለም ሰው ያስመስላል። ከውስጥ ግን ልጆቻችሁ፣ ንባባችሁ፣ ጸሎታችሁ ብርሃን አጥተው ሊሆን ይችላል። ስብሰባውን ሁሉ መተው የለባችሁም። ሁለት ጥንድ አስቀርታችሁ ቀሪውን አሳጥሩ።

ሦስተኛው ሙሉ በሙሉ ማራገፍ ነው። ጤናማ ዛፍ በሙቀቱ ወራት ቅጠሉ ሁሉ ይነሣለታል፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ያነሰ ቅጠል ያወጣል። እዚህ ላይ አንድ ረቂቅ ነገር አለ። ቅጠሉን ከቅርንጫፉ ጋር አስጠግታችሁ አትላጩት፤ የቡቃያውን ዓይን ታቆስሉታላችሁ። ከዘንጉ ትንሽ ጉማጅ ተዉለት። ጉማጁ ለጥቂት ቀናት ለቡቃያው ከለላ ይሆናል፤ ከዚያ በራሱ ጊዜ ደርቆ ይረግፋል። ከአንድ ሥራ ወይም ከአንድ ኃላፊነት መውጣት ሲኖርባችሁም እንዲሁ አድርጉ። በር ደርግማችሁ አትውጡ። ቀን ስጡ፤ ለሚተካችሁ ሰው ሥራውን አሳዩ፤ ምስጋናችሁን ተናገሩ። ነገ ከዚያው ቦታ አዲስ ነገር ሊበቅል ይችላል።

ከቦንሳይ ሕግጋት ሁሉ እኔን በጣም የሚያስደስተኝን አሁን ልንገራችሁ። ቅጠል በክርከማ ያንሳል፤ አበባና ፍሬ ግን አያንሱም። በክንድ ቁመት ዛፍ ላይ የሚያብበው አበባ ሜዳ ላይ ካለው ዛፍ አበባ ጋር መጠኑ እኩል ነው። የሎሚ ቦንሳይ የሚያፈራው ሎሚ እንደማንኛውም ሎሚ ነው። ብዙ ሰው ሕይወቱን ለማቅለል የሚፈራው ፍሬዬም አብሮ ያንስብኛል ብሎ ነው። አያንስም። ሦስት ነገር ብቻ የምታስተምር መምህር፣ በአንድ ዓይነት ሽመና ብቻ የሚታወቅ ሸማኔ፣ አንድ ወጥ ብቻ አሳምራ የምትሠራ ባለ ምግብ ቤት ፍሬያቸው ሙሉ ነው።

የትኛውን ዛፍ እንምረጥ? ጃካራንዳን አልመክርም። ቅጠሉ ረጅም ነው፤ በአንጓና በአንጓ መካከል ያለው ርቀትም ሰፊ ነው፤ በማሰሮ ውስጥ ደግሞ የምንወደውን ሐምራዊ አበባውን ማሳየት ይቸግረዋል። ኮሶንም አልመክርም፤ ኮሶን የማልመክረው ግን ከፍቅር የተነሣ ነው። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1770 ጎንደር ሲገባ የአገሩ ሰው ኮሶ የሚጠጣበትን ልማድ አየ፤ በ1790 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ ውስጥ ዛፉን ገልጾ ለአውሮፓ አስተዋወቀው። አንዱ ዛፍ ወንዴ፣ ሌላው ሴቴ ነው፤ ለመድኃኒት የሚፈለገው ቀላ ብሎ የሚንዠረገገው የሴቴዋ አበባ ነው። ቅጠሉ እስከ 40 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል፤ ከቅርንጫፉ ጫፍ ላይ ተሰብስቦ ይቀመጣል። ይህ ዛፍ ለጣውላ ሲባል ብዙ ተቆርጧል። ቦታው ደጋው ላይ፣ ሰፊው አፈር ላይ ነው። ኮሶ ያላችሁ ሰዎች ከማሰሮ ይልቅ ለእሱ አጥር ሥሩለት። ሰውም ሆነ ተክል ሁሉም ማሰሮ የሚስማማው አይደለም።

ለማሰሮ የሚሆኑት ግራርና ቁንዶ በርበሬ ናቸው። ቁንዶ በርበሬ ከደቡብ አሜሪካ መጥቶ አገራችንን የወደደ ዛፍ ነው፤ ከአሮጌ ግንዱ ላይ እንኳ በቀላሉ ያቆጠቁጣል፤ ለጀማሪ ታጋሽ ነው። ግራር ትንሽ ይጠነቀቁለታል። ቅርንጫፉ ሲጠና ተሰባሪ ነው፤ ማጎንበስ የሚቻለው በለጋነቱ ሲሆን ያኔም በሲባጎ ቀስ እያሉ ወደ ማሰሮው ጠርዝ መሳብ ይሻላል። ሥሩንም በአንድ ጊዜ ብዙ መቁረጥ አይወድም። ትንንሾቹ ቅጠሎቹ ግን ከመጀመሪያው ጥቃቅን ስለሆኑ ግማሹ ሥራ በተፈጥሮ ተሠርቷል።

መልኩንስ? እዚህ ላይ ልቤ ይሞቃል። ለረጅም ጊዜ ቦንሳይ ማለት የጃፓን ጥድ መምሰል ማለት ነበር። በደቡብ አፍሪካ ቻርልስ ሴሮኒዮ የተባለ የቦንሳይ ባለሙያ ግን "የእኛ ዛፍ እንዲህ አይደለም" አለ። የአፍሪካ ግራር ጫፉ ዝርግ ነው፤ ቅርንጫፎቹ ከታች ተነሥተው ወደ ውጭ እየተከፈቱ ዳስ ይሠራሉ። ይህን መልክ በማሰሮ ውስጥ ቀርጾ በአገሩ ሠዓሊ በፒርኔፍ ስም ጠራው፤ ፒርኔፍ በእነዚያ ግራሮች ሥዕሎቹ የታወቀ ሰው ነበርና። ዛሬ ይህ መልክ ከጃፓኑ ጎን በራሱ ስም ይታወቃል።

እኛም ደምቢያ ሜዳ ላይ፣ በማሳ መካከል ብቻውን የቆመ ግራር አለን። ገበሬው ሲያርስ ዞሮት ያልፋል እንጂ አይቆርጠውም። የግራር ዘር ዘርታችሁ የጥድ መልክ እንዲይዝ አታስጨንቁት። ልጆቻችሁንም የጎረቤት ልጅ መልክ እንዲይዙ አታስጨንቁ፤ ራሳችሁንም በስልክ መስኮት የምታዩትን ሰው መልክ ልያዝ እያላችሁ አታሰቃዩ። ጫፋችሁ ዝርግ ከሆነ በዝርግነቱ ያምራል።

የክርከማውን ጊዜ ልንገራችሁና ላብቃ። በደመና ወራት የሚወጣ ቅጠል ብርሃን ፍለጋ ይሰፋል፤ በጠራ ፀሐይ የሚወጣ ያንሳል። ስለዚህ ለጎንደር ከተማ ሁለት ጥሩ ጊዜ አለ። አንዱ ሚያዝያና ግንቦት ነው፤ ሙቀቱ አለ፣ ዛፉም ለዕድገት ይነሣሣል። ሁለተኛው መስከረም ነው፤ ዛፉ ክረምቱን ሙሉ ጠጥቶ ጠግቧል፣ ሰማዩም ይጠራል። እኔ መስከረምን እመርጣለሁ። ዳባትና ደባርቅ ላላችሁ ግን ሚያዝያ ይሻላል፤ ከኅዳር ጀምሮ ሌሊቱ ውርጭ ስለሚሆን ዘግይቶ የወጣ ለጋ ቅጠል ይቃጠልባችኋል።

እንግዲህ ጀምሩ። ከወደቀ የግራር ፍሬ ውስጥ አሥር ያህል ዘር ልቀሙ። ቅርፊቱ ጠንካራ ስለሆነ የፈላ ውሃ አፍስሱበትና በዚያው ይደር፤ ጠዋት ያበጡትን መርጣችሁ ዝሩ። ወለቃ ሄዳችሁ ከሸክላ ሠሪዎቹ እናቶች ዝርግ ማሰሮ እዘዙ፤ ታችዋን በሁለት ቦታ እንዲበሱላችሁ ንገሯቸው፤ ውሃ ከቆመበት ሥሩ ይበሰብሳል። አፈሩ ደቃቅ ጠጠር የበዛበት ይሁን። ጠዋት ፀሐይ የሚያገኝበት ቦታ አስቀምጡት። በመጀመሪያው ዓመት መቀስ አታስነኩት። ዘሩን ከልጃችሁ ጋር ዝሩ፤ የያማኪ ቤተሰብ ጥድ በአንድ ሰው ዕድሜ አልተቀረጸምና።